የልጆቹ ገንዳ

ለምናፍቅዎ ወንድሜ ለጋሼ ኃይለየሱስ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እማማስ እንደምን ከረሙ? የአሰላ ብርድ አስሮት የነበረው ጉልበታቸው እዚያ ፈታ አለላቸው? እታለም አሰፋችስ ደህና ናት? አበባስ? እኔ በጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ድካም ብቻ ነው። ድካሙም በእንቅልፍ የማይወጣ ዓይነት ሆኖብኝ የደብዳቤዎን መልስ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፤ እንዳይቀየሙኝ።

የአበባ አስተማሪ ተማሪዎቹን የዶሮ ቤት ሥሩ ብሎ እንዳዘዘ ጽፈውልኛል። እርስዎም ልጄን የላክኋት እንድትማር እንጂ አናጢ እንድትሆን አይደለም ብለው ሄደው ሊከራከሩ አስበዋል። አስተማሪ ነሽና ምን ትያለሽ ላሉኝ፣ እኔ የማውቀው እዚህ ያየሁትን ነውና እሱን ልንገርዎት።

የማስተምረው አራተኛ ክፍል ነው። ልጆቹ የዓለምን ወንዞች ስም እንደ ዳዊት ይወርዱታል፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ምንጭ ወዴት እንደሚፈስ ስጠይቃቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። ሰዉም ከብቱም የሚጠጣው ከዚያው ነው፤ ሆዱን ይዞ የሚቀር ተማሪ አጥቼ አላውቅም። ስለዚህ በጋው ሲገባ ምንጩን ሥራችን እናድርገው፣ በአጥር እንጠረው፣ ለከብቱም ለብቻው ገንዳ እንሥራለት አልኳቸው። በገመድ ለኩ፣ ሥዕል ሣሉ፣ ተጨቃጨቁ። ክፍልፋይ ሲባል የሚያዛጋው ቱሳ እንኳ የገመዱን ሲሶ እንዴት እንደሚያገኝ ራሱ መጥቶ ጠየቀኝ።

ከሁሉ ግን ኢፍቱን ባዩልኝ። የሁሴኖ ልጅ ናት። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ብቻ ስለሆነ አማርኛው ይከብዳትና ክፍል ውስጥ አፏን አትከፍትም ነበር። ስለ ምንጩ ሽማግሌዎቹን ስንጠይቅ እኔ ኦሮምኛ እንደማልሰማ ሆኜ እሷን አስተርጓሚ አደረግኋት። እንደማስመስል ሁሉም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፤ ግን ተረጎመች። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ዝም በይ ማለት ሆነ።

ይህን ደስታ ሳልጠግበው አባቷ ድንጋይ መሸከሟን ሰማ። ድንጋይማ ቤታችንም ሞልቷል አለኝና ከትምህርት ቤት አስቀራት። ደጁ ድረስ ሄጄ ለመንኩት፤ በአክብሮት ወተት አጠጥቶ ሸኘኝ፣ ልጅቷን ግን አልለቀቀም። ዲሬክተራችንም የስድስተኛ ክፍል ፈተና ስለ ገንዳ አይጠይቅም አሉኝ። ያን ጊዜ ወኔዬ ሙጥጥ አለ። ስም ስጠራ «የለችም» የሚሉኝን መስማት ስለሰለቸኝ የኢፍቱን ስም መዝለል ጀመርኩ።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ልጆቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ምንጩ ሲወርዱ ሰፈሩ አየ። አባቶቻቸው፣ መምህሯ ደቦ ጠርታለች፣ ለእኛ መንገር አፍራ ይሆናል ብለው መሣሪያቸውን ይዘው ግልብጥ ብለው መጡ፤ ሁሴኖም አብሯቸው ነበር። ልጆቹን ገለል በሉ አሉና ስንት ጊዜ የታሰበበትን ገንዳ ከምሳ በፊት ጨረሱት። ከዚያም ጥላ ፈልገው ተደርድረው ተቀመጡ። ምን እንደሚጠብቁ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ለካ ደቦ የጠራ ያበላል። ቤቴ ያለው ግማሽ ዳቦ ነው። ጎረቤቴ ራቢያ ከየቤቱ ቂጣና ንፍሮ ለቃቅማ ባትደርስልኝ አገር ጥዬ በጠፋሁ። ልጆቹ ራቅ ብለው ባዶ እጃቸውን ተቀምጠዋል፤ ቱሳ ያለቅሳል። እኔንም አልቅሺ አልቅሺ አለኝ፤ ግን ንፍሮ ማደል ነበረብኝ።

በዚህ መሀል ኢፍቱ ውሃ ልትቀዳ እንስራ አዝላ ወረደች። አባቶቹ ለከብቱ እንዲቀርብ ብለው ገንዳውን ከመቅጃው በላይ ሠርተውታል፤ በልጆቹ ሥዕል ግን ገንዳው ከመቅጃው በታች ነበር። እንስራዋን አስቀምጣ ለአባቷ በኦሮምኛ ቀስ ብላ ነገረችው። ዝም በይ አላት። እሷም ገለባ ዘግና ገንዳው ውስጥ በተነችው። ገለባው ከሞላው ገንዳ እየፈሰሰ ወርዶ እንስራ የሚጠለቅበት ቦታ ላይ ተንሳፈፈ። ከዲሮ የሚባሉት ሽማግሌ ንፍሯቸውን እያላመጡ ገለባውን ሲያዩ ቆዩና፣ ታዲያ የት ይሁን ብለው ጠየቋት። ይሄኔ ልጆቹ ሥዕሉን ይዘው ሮጡ። እነሱ እያሳዩ፣ አባቶቹ እያነሱ ገንዳው እንደገና ተሠራ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ያነሳው ሁሴኖ ነው። ሥራው ሲያልቅ ግን ኢፍቱን አስከትሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ኢፍቱ አልመጣችም፤ በማግስቱም አልመጣችም። እኔም መጠበቁን ተውኩት። ከትናንት በስቲያ አርብ ጠዋት እንደለመድኩት ስሟን ዘልዬ ወደሚቀጥለው ስሻገር ከኋላ በኩል «አቤት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ኢፍቱ ቆማለች። ማንም አልጠራትም ነበር።

ድካሜ እንዳለ ነው፣ ጋሼ፤ አጥሩም ገና አላለቀም። ግን ነገ ስሟን እጠራለሁ።

የእማማን ጉልበት ሳሙልኝ። እታለም አሰፋችን፣ ሽንኩርት ስከትፍ አንቺ ትዝ ትይኛለሽ ብላለች በሏት። ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። ራቢያም ባታውቃችሁም ሰላም ብላለች። አበባን እቅፍ አድርገው ይሳሙልኝ። ከአስተማሪዋ ጋር ከመከራከርዎ በፊትም ሄደው የዶሮ ቤቱን ይዩላት። ተጣሞ ቢያገኙት እንኳ፣ አደራዎን፣ መዶሻውን ከእጇ አይቀበሏት።

እህትዎ
አልጣሽ ወልደ ሚካኤል

ጎበሳ፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.