ከጓሮው ክፍል እስከ ሳሎን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ያ ጉልበትሽን ይዞ የሚያሰቃይሽ ሕመም ለቀቅ አደረገሽ? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ፣ ዛሬም ሬዲዮ ሲፈታ ብሎኑን በጥርሱ ነክሶ ነው የሚያወራው? እኔ ደህና ነኝ። ደረቅ ሳል ይዞኝ ነበር፤ እሱም ሰልችቶት ሄዷል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አርታኢው የነገረኝን እንዳማከርኩሽ ታስታውሻለሽ። ረቂቄን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ፣ ወይ የጠፈር መንኮራኩሩን ወይ ፍቅሩን ምረጪ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ካልሆነ አላሳትመውም ብሎኝ ነበር። አንቺ ደግሞ በላዩ ላይ ተደርበሽ፣ ፍቅር ምድር ላይ ሞልቶ ተርፎ ሰማይ ለሰማይ ምን ያንከራትትሻል፣ እንደ እኛ ስላለ ሰው ለምን አትጽፊም ብለሽ መለስሽልኝ። እንደ እኛ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ሰማይ ለሰማይ መንከራተቱን ለምን እንደምወደው ልንገርሽ። በእኔ መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲዋደዱ እሷ አንድ ፕላኔት ላይ፣ እሱ ሌላው ላይ ነው። እወድሻለሁ የሚለው ቃሉ ጨለማውን አቋርጦ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ሲደርስ እሷ ፀጉሯ ሸብቷል። አንባቢ ያለቅሳል፣ ግን የሚረግመው ሰው የለም። ጥፋተኛው ርቀቱ ነው። ብርሃን ከዚያ በላይ መሮጥ አይችልም፣ አለቀ። እንደዚህ ያለ ንጹሕ ሐዘን ምድር ላይ አላገኘሁም። ፍቅሩን ብቻ ብጽፍ መሃል የገባ ሰው መፈለጌ አይቀርም፤ ሳይንሱን ብቻ ብጽፍ ደግሞ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ግድ የሚሰጠው አይኖርም። ለዚህ ነው ሁለቱን የማጋባቸው።

ባለፈው ወር ባለቤትሽ የሬዲዮ ዕቃ ሊገዛ መጥቶ ቤቴ ጎራ እንዳለ ነግሮሽ ይሆናል። ዝም ያለውን ሬዲዮዬን አይቶ ሳያስፈቅድ ፈታው። እኔም አጠገቡ ቆምኩ፤ የጓሮውን ክፍላችንን ተከራይቶ በሚሠራበት ዘመን፣ የብየዳው ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ ከበሩ አልነቃነቅ እንደምለው። ጣቢያ ሲጠፋ ሽሽ የሚለው ድምፅ ከፊሉ ከከዋክብት የመጣ ነው ብሎ ያኔ የነገረኝ እሱ ነው።

ከሥራው ቀና ሳይል፣ ለመሆኑ ያ እጮኛሽ የት ደረሰ አለኝ። የቱ እጮኛ ብለው፣ ያኔ የነበረሽ ነዋ፣ እህትሽን ልኬ ሳስጠይቅሽ የታጨች ናት ብላ የመለሰችኝ አለና ሳቀ። በጨዋታ ነው ያነሳው፤ ክፋት የለበትም። እኔም አብሬው ሳቅሁና፣ ጠፈር ላይ ነው፣ እስካሁን አልተመለሰም አልኩት።

እታለም፣ እኔ ታጭቼ አላውቅም። ያኔ ስለ እኔ ምን ይላል ብዬ ስጠይቅሽ፣ ልብስ እያጠፍሽ፣ ስምሽን አንስቶም አያውቅ አልሽኝ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። የዚያ ሰው ቃል ግን የሚያቋርጠው ሰማይ አልነበረበትም። ከጓሮው ክፍል እስከ ሳሎን ነው፣ አንድ በር ብቻ። በሩ ላይ አንቺ ነበርሽ። እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን የሌለ ርቀት ስፈጥር ኖርኩ። ተቃጥያለሁ፣ አልዋሽሽም። የሠርግ ቀሚስሽን ከጀርባሽ የቆለፍኩልሽ እኮ በእነዚህ እጆቼ ነው።

ምክርሽን ግን ሰምቻለሁ። መንኮራኩሩን ጥዬዋለሁ። አዲሱ መጽሐፍ ምድር ላይ ነው፤ ሁለት እህትማማቾችና ጓሮ የተከራየ ሬዲዮ ጠጋኝ አሉበት። አርታኢው የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቦ ወዶታል፣ ያሳትመዋል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም አለ፤ ታላቂቱ ለምን ዋሸች? ጠይቄያት እነግርሃለሁ አልኩት።

መልስሽን እጠብቃለሁ። ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ለባለቤትሽ፣ ሬዲዮው ጥሩ ይሠራል ብላለች በይልኝ።

አደራ፣ ይቺን እንኳ አድርሽልኝ።

ታናሽ እህትሽ