ፍሬሙ የዋጠው ቀን

ዓርብ ጠዋት፣ ግንቦት ወር
ከሱቄ

የኔ ሚጢ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ከርመሻል? ሥራው፣ ብርዱ፣ ያቺ ነገረኛ አለቃሽ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶበት። ደህና አይደለንም ልጄ። በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ሞከርኩ፤ እናትሽ ግን ከአጠገቤ አትጠፋም፣ እሷ እየሰማች ስለ እሷ ምን ብዬ ላውራ? ስለዚህ ደንበኛ እስኪመጣ ከቁልፍ መቅረጫው ማሽን ጎን ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ እህት ወዳንቺ አገር ስለምትመለስ በእጇ ታደርስልሻለች። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ይመስላል ብለሽ እንዳትስቂ።

እናትሽ እየረሳች ነው። ካንቺ ጋር ስታወራ ደህና የምትመስለው እኔ ከጎኗ ሆኜ በሹክሹክታ ስለማቀብላት ነው። "ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ በያት" እላታለሁ፣ ትልሻለች፤ አንቺም ደስ ይልሻል። አንዳንድ ቀን ስልኩ ሲዘጋ "ማን ነበረች?" ትለኛለች።

ያ ስልኳ ላይ የጫንሽላት ነገር ትዝ ይልሻል? ኤአይ ነው ያልሽን፣ ፎቶ ያነሱትን ወረቀት አንብቦ ቀጠሮውን ራሱ ካላንደር ላይ የሚያስገባው። መጀመሪያ እሰይ ልጄ ብዬ መርቄሽ ነበር። የክሊኒኩን ካርድ ታነሳለች፣ ቀኑ ሲደርስ ስልኩ ይጮሃል፣ እንሄዳለን። የመድኃኒቷንም ሰዓት ከካርቶኑ ላይ አንብቦ በየቀኑ ያስታውሳታል። ኋላ ግን ያገኘችውን ሁሉ ማንሳት ያዘች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኩ እሪ ሲል የክሊኒክ ቀጠሮ መስሎኝ ብድግ ብል፣ ለካስ የሳሙናው ጊዜ የሚያልፍበት ቀን ኖሯል! ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛ ላይ ያገኘችውን የማናውቃቸውን ሰዎች የሠርግ ጥሪም አንስታ፣ ቀኑ ሲደርስ ለባብሳ ቁጭ አለች። ምን ልበልሽ፣ ሄድን። በልተን፣ ጠጥተን፣ መርቀን መጣን። ሙሽራው አቅፎ ሳመኝ፤ የማን ወገን እንዳደረገኝ እሱ ይወቀው።

ያኔ እንስቅ ነበር። ሳቃችንን የወሰደው ያንቺ ትኬት ነው።

ልትመጪ ትኬት ቆርጠሽ ምስሉን የላክሽልን ጊዜ ደስታው የማደርገውን አሳጣኝ። ፎቶ ቤት ሄጄ በትልቁ አሳተምኩት፣ ፍሬም ገዝቼ ሳሎን ሰቀልኩት። ሰው የልጁን ዲግሪ ይሰቅላል፣ እኔ ትኬት ሰቀልኩ። ወረቀቱ ከፍሬሙ ሰፋ ስላለብኝ ጠርዙን ወደ ኋላ አጠፍኩት። ወሩና ቀኑ የተጻፈው እዚያ ጠርዝ ላይ ነበር። ፊት ለፊት የቀረው ሐሙስ አስር ሰዓት መድረስሽ ብቻ ነው። ቀኑን እንደሁ በልቤ ይዤዋለሁ፣ ምን ቸገረኝ አልኩ።

ከዚያ ፈቃድ ከለከሉሽና ቀረሽ። አልቀየምኩሽም፤ የሰው አገር ሥራ እንደሆነ ይገባኛል። እናትሽ ግን መቅረትሽን ረሳችው። ትኬቱን ታየዋለች፣ ስልኳን ታወጣለች፣ ፎቶ ታነሳዋለች። ስልኩ ወሩንና ቀኑን ሲያጣው የሚቀርበውን ሐሙስ ይይዛል። ምን ብዬ ልመዝግበው ሲላት "ልጄን መቀበል" ትለዋለች። ሐሙስ ስልኩ ሲጮህ ያን የላክሽላትን አረንጓዴ ሹራብ ትለብስና "ተነሳ እንጂ አንተ ሰው፣ ልጅቷ ልትደርስ ነው!" ትለኛለች። ሱቄን ዘግቼ አብሬያት አውሮፕላን ጣቢያ እሄዳለሁ። የመጨረሻው መንገደኛ ወጥቶ እስኪያልቅ እንቆማለን። ጥበቃዎቹ ለምደውናል፤ "እናታችን፣ ዛሬም መጣችሁ?" ይሏታል።

ቀጠሮውን ከስልኩ አጠፋሁት፤ ትኬቱን እንደገና ፎቶ አነሳችው። ስልኩን ደበቅሁት፤ መድኃኒቷን ሳትወስድ ዋለችና ታመመችብኝ፣ መለስኩላት። ሰፈሩ ዶክተር የሚለው ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ገለባብጦ አየና "ጋሼ፣ ስልኩ ምንም የለበትም" አለኝ። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

ትኬቱን አታወርደውም ወይ ትዪኝ ይሆናል። አወረድኩት እንጂ! ስልኩ እውነቱን ያንብብላት ብዬ የታጠፈውን ጠርዝ ዘርግቼ በእጇ ሰጠኋት። ፎቶ አነሳችው። ስልኩም ይህ ቀን አልፏል አላት። ሚጢዬ፣ እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። "ልጄ መጥታ ሰው አጣች! ሻንጣዋን እንደያዘች ቆማ ቆማ ተመለሰች! አንተ ምን ዓይነት አባት ነህ?" አለችኝ። ኧረ አልመጣችም፣ ትኬቱን ሰርዛዋለች ብል ማን ሰምቶኝ። በማግስቱም እህል አልቀምስም አለች። ቢጨንቀኝ ጠርዙን መልሼ አጥፌ፣ ፍሬሙ ውስጥ ከትቼ፣ በገዛ እጄ ሰቀልኩት።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ልንወጣ ስንል አንዲት ሴት ሕፃኗ መኪና ውስጥ ተቆልፎባት እየጮኸች መጣች። እምቢ ይባላል? እናትሽን "መጣሁ፣ እንዳትንቀሳቀሺ" ብያት ሮጥኩ። በሩን ከፍቼ፣ ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥቼ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ያን ሁሉ አውራ ጎዳና ብቻዋን አቋርጣ ሄዳለች። እንዴት አውሮፕላን ጣቢያ እንደደረስኩ እኔም አላውቀውም። መንገደኞች የሚወጡበት የብረት አጥር ጋ አገኘኋት፣ የማናውቃት ልጅ አንገት ላይ ተጠምጥማ "ሚጢዬ፣ ሚጢዬ" እያለች ታነባለች። ልጅቷ፣ ወላዷ ትባረክ፣ ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ ዝም ብላ ትሳማለች። ልለያቸው ስል "ግድ የለም አባባ፣ ትንሽ ይቆዩ" አለችኝ።

ማታ እናትሽ "ከስታለች አይደል?" አለችኝ። "አዎ፣ ከስታለች" አልኳት። ዛሬ ጠዋት ተነስታ ትኬቱን ፎቶ አነሳች።

ልብስ ሰፊዋ ተቆጣችኝ። "ጋሼ፣ ሥራህ ቁልፍ! ከውጭ ቆልፈህባት ሂድ እንጂ፣ አንድ ቀን መኪና ይበላታል" አለች። እውነቷን ነው። ቁልፉን አዘጋጅቼዋለሁ፣ ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ግን ልጄ፣ የሰፈሩን በር ሁሉ ስከፍት ኖሬ ሚስቴ ላይ መዝጋት አቃተኝ። ካልዘጋሁ ትጠፋብኛለች። ከዘጋሁ ደግሞ ስልኩ ሲጮህ ያን ሹራብ ለብሳ በሩን ስትደበድብ ይታየኛል። ጨነቀኝ። ካንቺ በቀር የማማክረው የለኝም፣ አንቺ ደግሞ ሩቅ ነሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ፈቃድ ያገኘሽ እንደሆነ የትኬቱን ምስል አትላኪልን። ቀኑንም አትንገሪኝ፤ ዳግመኛ ብትቀሪ አልችለውም። እሷን ብቻ እንዳይመስልሽ፣ እኔም እዚያ ቆሜ ያ በር በተከፈተ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ። ትኬቱ መሰረዙን እያወቅሁ።

ፈጣሪ ከሰው ክፉ ይጠብቅሽ፣ የረገጥሽው መሬት ይለስልስልሽ፣ የለፋሽበትን አይንሳሽ። ምግብ በሰዓቱ ብዪ። ከቻልሽ ዝም ብለሽ ነይ፣ ብቻ ሐሙስ ይሁን። ሐሙስ ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ እዚያው ብረት አጥር ጋ ነን፤ ተቀባይ አታጪም።

አባትሽ