የመርከበኛው የክርስትና ስም

ግንቦት ፲፱፻፳፱ ዓ.ም.
ይድረስ ኢየሩሳሌም ላለኸው ወንድሜ ለሀብተ ማርያም፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ልደታ ማርያም ጠብቃን ደህና ነን። ይህን የሚያደርስልህ መነኩሴ የታመነ ነው።

ጣልያን ትምህርት ቤቱን ከዘጋው ወዲህ መምህር ፈቃደ ጌጃ ሰፈር ባለው ቤታቸው እንግሊዝኛ ያስተምሩኛል። ሰው ከጠየቀ ዳዊት እየደገምን ነው እንላለን። የምናነበው አንተ ትተህልኝ የሄድከውን፣ ባሕር ላይ ስለጠፋው መርከበኛ የተጻፈውን ልብ ወለድ ነው። የሚስቱን ጠባይ መርምረሽ ጻፊ ብለውኛል። እስካሁን አልጻፍኩም።

ያነበብኩትን ለእማዬ በአማርኛ እነግራታለሁ። ሚስትየው ሬሳ ሳታይ ጥቁር ለበሰች ስላት ተቆጣች። «ሞተ ያላት ማን ነው? ምን ያስቸኩላታል?» አለች። ከዚያ የመርከበኛውን የክርስትና ስም ጠየቀችኝ፤ ልታስጸልይለት ነው። በልብ የታሰበ ሰው እንጂ የተወለደ አይደለም ብላት አልሰማችኝም። ቢቸግረኝ ገብረ ማርያም ነው አልኳት።

አባባ በየካቲት፣ ያ ሁከት በተነሣ ዕለት እንደወጡ ናቸው። እማዬ ጋቢያቸውን በየሳምንቱ ታጥበዋለች።

ለልደታ ዕለት የአባባንና የመርከበኛውን ስም ለቄሱ ሰጠች። ቄሱ «ከሕያዋን ነው ከሙታን?» ብለው ጠየቋት። «ሁለቱም ከሕያዋን» አለቻቸው። አጠገቧ ቆሜ ነበር።

መጽሐፉን ትናንት ጨረስኩት። መጨረሻውን አንተም ታውቀዋለህ። ለእማዬ ግን ገና ግማሹ ይቀራል ብያታለሁ፤ ስትጽፍላት አንተም እንደዚያው በላት።

በሰላም ያገናኘን።
እህትህ የሻረግ፣ ከልደታ