ለማየት ብዬ የበላሁት የክፍል ቁጥር

ለክቡር የሆስፒታላችን አስተዳደር ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ወገብዎም እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የኮምፒውተር ክፍሉ «ሊቅ» (ማዕረጉ የእርስዎ ስጦታ ነው)፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላት የካርድ ክፍል ሠራተኛ በእኔ ጥፋት ስለታገደች ወደ ሥራዋ እንዲመልሷት ይህን በአደባባይ እጽፋለሁ።

፩. ተራ የሚጠራው ሰሌዳ አልፎ አልፎ ታካሚን ወደሌለ ክፍል ይልክ ነበር። መልእክቱን የሚያወጣው፣ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የፕሮግራም ቁራጭ) የሰጡትን ያህል ይቀበላል እንጂ ስንት እንደተሰጠው አያውቅም፤ የክፍሉን ቁጥር ቢነፍጉት እንኳ በአጠገቡ ያገኘውን ሌላ ቁጥር አፉን ሞልቶ ያነባል። በዚህ ጠባዩ አባቱን፣ ማለትም እኔን፣ ወጥቷል። መሞከሪያ ማሽን ብለምንዎ ሊቅ መሞከሪያ እንደማያስፈልገው ስለነገሩኝ፣ ክብሩን ተቀብዬ ታካሚ በሚጠራበት በዋናው ማሽን ላይ ሠራሁ።

፪. በየታካሚው ፕሮግራሙን ላለማቆም፣ የክፍሉ ቁጥር ካሉን ሃያ ክፍሎች ሲበልጥ ብቻ የሚያቆም፣ ቅድመ ሁኔታ ያለው ብሬክፖይንት፣ ማለትም ፕሮግራሙን መሃል ላይ ገትሮ የሚያስመረምር ምልክት፣ አስቀመጥኩ። ፈንክሽኑ ውስጥ ቁጥሩ የሚጠራበት ስም ስለሌለው፣ ለፈንክሽኑ ከተሰጡት ነገሮች ዝርዝር አንስቶ የሚያሳየኝ ትንሽ ረዳት ፈንክሽን ጻፍኩ። ወይ ጉድ! ከዝርዝሩ አንዴ የተነሣ ቁጥር ወደ ቦታው አይመለስም፤ ገልብጬ ቅጂውን ማየት ነበረብኝ። ጨው ልቅመስ ብሎ ድስቱን እንደጨረሰ ሰው፣ ብሬክፖይንቴ የእያንዳንዱን ታካሚ ክፍል አይቶ፣ ትክክል ነው ብሎ፣ በልቶት ያልፋል፤ ሰሌዳው ደግሞ ማንም ያልሰጠውን ቁጥር ይለጥፋል። እኔ ግን አንዴም ስላላቆመ ደረቴን ነፍቼ፣ ፕሮግራሙ ንጹሕ ነው፣ ስህተቱ የካርድ ክፍል ነው የሚል ሪፖርት ጻፍኩልዎ። አይ ሊቅነት!

፫. በዚያው ቀን የባለቤቴ እናት ዓይናቸውን ሊታዩ ቢመጡ፣ ሰሌዳው በዚህች ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ክፍል ስልሳ ሺህ ይግቡ አላቸው። ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ አግኝታ፣ እጃቸውን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ያደረሰቻቸው እቴቴ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በኮሪደሩ ቆማ የጠፋውን ሁሉ በቃሏ ስትመራ ውላለች። እርስዎም የሥራ ቦታዋን ለቃ ተገኘች ብለው፣ የእኔን ሪፖርት አያይዘው አገዷት። አማቴ ቤት ገብተው ይህን እየመረቋት ሲያወሩልኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

፬. ረዳት ፈንክሽኑን ቅጂውን እንዲያይ ባስተካክለው ብሬክፖይንቱ ወዲያው ስህተቱ ላይ አቆመ። ፈንክሽኑን የክፍል ቁጥር ሳይሰጥ የሚጠራው የፕሮግራም መስመር የካርድ ክፍል ሳይሆን የራሴ ነበር።

ለዚያ ሪፖርቴ ስለሰጡኝ የምስጋና ወረቀትም እግዜር ይስጥልኝ፤ የእሷን እግድና የእኔን ምስጋና ሳያነቡ በእኩል ፍጥነት መፈረምዎ አድልዎ እንደማያውቁ አስተምሮኛል።

በታላቅ አክብሮትና በበለጠ ሐፍረት፣
ያልታገደው ጥፋተኛ

ማስታወሻ፦ እቴቴ እስክትመለስ ድረስ መንገድ የጠፋበት ሁሉ ወደ እርስዎ እንዲመጣ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰሌዳው ከየተራው በታች የቢሮዎን ቁጥር ያሳያል። ሆን ብዬ ነውና፣ እባክዎ ስህተት መስሎዎት ሌላ ሰው አያግዱ።