«የፈሪው አሸዋ» የሚለው ስም ከከተማችን ካርታ ላይ እንዲሰረዝ

ለቪድሳን ከተማ ማዘጋጃ ቤት
ለክቡር ከንቲባ ቪጎ ሉንቦ
ቪድሳን

ማርች 9 ቀን 1936

ጉዳዩ፦ ለሦስት መቶኛው ዓመት በዓል በሚታተመው «የቪድሳን ታሪክና መልክዓ ምድር» መጽሐፍ ላይ ስለ ሰፈረ አንድ ስም

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ኢንገቦር ራውንኪል በዚህችው ከተማ ተወልጄ፣ በዓሣ ማጠቢያው ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ነኝ። አቤቱታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1. የመጽሐፉ ረቂቅ ከወዲሁ በትምህርት ቤት ይሰጣል። ከተማችን በሄሪንግ ዓሣ ንግድ እንደ ተቆረቆረች፣ አሸዋ የወደቡን አፍ ስንት ጊዜ እንደ ደፈነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ለምን ለባሕሩ ጀርባውን እንደ ሰጠ በደንብ ተጽፏል። በካርታው ላይ ግን ከወደቡ አፍ በስተ ሰሜን ባሕሩ ውስጥ ያለው የአሸዋ ደለል «የፈሪው አሸዋ» ተብሏል። ፈሪ የተባለው አባቴ ላውሪስ ራውንኪል ነው።

2. በኖቬምበር 1911 ማዕበል አንዲት የጭነት መርከብ እዚያ ደለል ላይ ተሰበረች። አምስት መርከበኞች ምሰሶዋ ላይ ተንጠልጥለው ይጮኹ ነበር። አባቴ የነፍስ አድን ጀልባው አዛዥ ነበርና ደወሉን ደወለ። ከአሥሩ ቀዛፊዎች የመጡት ሦስት ናቸው። በሦስት ሰው ወጣ፤ ማዕበሉ ሁለት ጊዜ ወደ ዳርቻው መለሰው፤ በሁለተኛው የአንዱ ቀዛፊ ክንድ ተሰበረ። ከቀትር በኋላ ጩኸቱ ቆመ። ዳርቻው ላይ ነበርኩ፤ ሲቆም ሰምቻለሁ።

3. በማግስቱ የቀሩት ሰባቱ «እኛ መጥተን ነበር፤ አልወጣም ያለው እሱ ነው» ብለው ማሉ። የሰባት ሰው መሐላ ከሦስት ይበልጣልና ታመኑ። ከዚያ በኋላ ያ ቀን በመጣ ቁጥር በራችን ላይ የሴት ቀሚስ ይሰቀል ነበር። ዳቦ ጋጋሪው «ላውሪስ፣ እዚህ ድረስ ብቻህን መጣህ? ጎበዝ!» ሲለው የተሰለፈው ሁሉ ይስቃል። አባቴም ዳቦውን ይዞ ይወጣል። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖሮ ሞተ። ሬሳውን የሚሸከም ሰው ስላጣን እናቴና እኔ በዓሣ ጋሪ ወሰድነው።

4. ከሰባቱ አንዱ፣ ፔደር ስኮው፣ ባለፈው ክረምት ሊሞት ሲል አስጠራኝ። «አልጋ ሥር ነበርኩ፣ ኢንገቦር። ደወሉን እየሰማሁ፣ አልጋ ሥር» አለኝ። ይህንኑ ለቄሱ እንዲናገር ለመንኩት። «ተይኝ እባክሽ! ልጆቼ የፈሪ ልጆች ይባሉ?» አለ። በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ ከተማው ባርኔጣውን አውልቆ ሸኘው።

5. ባለፈው ወር መምህሩ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን ሲግሪድን ካርታው ፊት አቁሞ የደለሎቹን ስም አስጠራት። እዚያ ስትደርስ ለራሷ አንሾካሾከችው። «ጮክ በይ እንጂ! የገዛ አያትሽን ረሳሽው?» አላት። እስክትናገር አስቆማት። ተናገረች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ቤት ስትገባ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እማዬ፣ ግን እውነት ፈሪ ነበር?»

6. ስሙ እንዲሰረዝ ለማመልከት ጽሕፈት ቤትዎ ስቀርብ፣ ጸሐፊዎ «የሰባቱን ወራሾች አስፈርመሽ ነይ፤ ያኔ እናየዋለን» አሉኝ። ቀልደውብኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ሄድኩ። ሁለቱ በር አልከፈቱልኝም። አንዱ ውሻውን ለቀቀብኝ። የፔደር ስኮው ልጅ «አባቴ እየቃዠ ነው የሞተው» አለኝ። አንዷ «እሱን ከወሰድሽብን በምን እንስቃለን ታዲያ?» ብላ ሳቀች። ስድስተኛው ወረቀቱን ተቀብሎ ተናፈጠበትና መለሰልኝ።

ሰባተኛው ቤት የእርስዎ ነው። ያን ቀን አባትዎም አልመጡም።

ደጅዎ ቆሜ በጎረቤት ፊት ላሳፍርዎ ስላልፈለግሁ፣ ወረቀቱን በንጹሕ ገልብጬ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ስድስቱ መስመሮች ባዶ ናቸው። ክቡርነትዎ በሰባተኛው ላይ እንዲፈርሙልኝ፣ ስሙም ከካርታው እንዲሰረዝልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የማይፈርሙ ከሆነ ወረቀቱን እንዳለ ይመልሱልኝ። ለልጄ ጥያቄ መልስ አድርጌ እሱን አሳያታለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ኢንገቦር ራውንኪል
(ፊርማ)