የላክሽልኝን ወይን ያልከፈትኩበት ምክንያት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለአባይነሽ፤

እታለም፣ እንደምን አለሽልኝ? ብርዱን እንደምን ቻልሽው? የቶሪኖ የካቲት አጥንት ድረስ ይገባል ስትይ ሰምቼ ሌሊት ሌሊት አንቺን አስባለሁ። ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ ዛሬም ያምሻል ወይስ ያ ቅባት ተሻለው? የምታስታምሚያቸው ሲኞራ ክላራ እንዴት ናቸው፣ እህል ይበላሉ? ልጃችን ሰብለ ወንጌልስ ትምህርቱ እንዴት ሆነላት? ሁላችሁም በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ።

እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። እንደዚያ ብጀምር ግን ከታች የምጽፈው ሁሉ ውሸት ይሆናል። በእግሬ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ደኅና ነኝ ለማለት ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስልክ ትቼ ወረቀት ያነሳሁትም ለዚሁ ነው፤ ድምፅሽን ስሰማ እዋሻለሁ።

በጥቅምት ደውለሽ «ያ በመስከረም የላክሁልህ ወይን እንዴት ነበር? ከመቶ ስንት ሰጠኸው?» ስትይኝ፣ «ሽታው ጽጌረዳ ነው፣ ዘጠና ሦስት ሰጠሁት» አልኩሽ። ደስ ብሎሽ ሳቅሽ። እታለም፣ ያን ቀን ጠርሙሱ አልተከፈተም ነበር። እንደ መጣ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ምድር ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ ጉንፋን የሚመስል ትኩሳት ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ጣለኝ። በባዕድ አገር አንቺን ማስጨነቅ ምን ይረባል ብዬ ደበቅሁሽ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ እህል መቅመስ ጀመርኩ፣ ግን የምጎርሰው ሁሉ ገለባ ገለባ አለኝ። የበሽታው ትራፊ ነው፣ ይለቀኛል ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ጠዋት ወተት ጥጄ ጓሮ ወጣሁ። ጎረቤቴ ሪሃና አጥሩን እየደበደበች «ጋሽ አላምረው! ምነው ቤትዎ እየነደደ!» ብላ ጮኸች። ሮጬ ስገባ ቤቱ ጢስ ብቻ ነው፣ ወተቱ አልቆ ድስቱ ከሰል ሆኗል። ዓይኔ ያለቅሳል፣ አፍንጫዬ ግን ምንም አይነግረኝም። እዚያው ጢሱ መሃል ቆሜ ነው የገባኝ።

ሪሃና መስኮቱን ከፍታ፣ ድስቱን ወደ ውጭ ጥላልኝ ከሄደች በኋላ ምድር ቤት ወረድኩ። አንድ ጠርሙስ ከፍቼ ቀዳሁ። ምላሴ ኮምጣጣውን ያውቃል፣ መራራውን ያውቃል፣ ሙቀቱም ጉሮሮዬን ያልፋል። ሌላው ሁሉ የለም። ሁለተኛ ከፈትኩ፣ ሦስተኛ ከፈትኩ። ሁሉም ያው።

ከዚያ ወደ ባለቤቴ ወደ ውዴ ሳጥን ሄድኩ። ልብሷን ለነዳያን ስጥ ብለሽ ስትመክሪኝ ሰጥቻለሁ ብዬሽ ነበር። ሰጥቻለሁ፣ አንዱን ነጠላዋን ግን አስቀርቻለሁ። እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሙሉ፣ ሲብስብኝ ሳጥኑን ከፍቼ ነጠላውን ፊቴ ላይ አደርገው ነበር፤ ጠረኗ አልለቀቀውም ነበርና። ያን ቀን ጨርቁ ጨርቅ ብቻ ሆነ። ደጋግሜ አሸተትኩት። የወይኑስ ይሁን፣ እታለም፤ ያኛው ግን ውዴን ለሁለተኛ ጊዜ እንደ መቅበር ሆነብኝ። ለማን ይነገራል? ስልሳ የቀረበው ሰውዬ የሚስቱን ነጠላ እያሸተተ ያለቅሳል ይባላል እንዴ?

ለአያ መዝሙርም አልነገርኩትም። ታስታውሺው እንደሆን ትልቁ ሆቴል ዋና አስተናጋጅ የነበረው ነው፤ ፈረንጆቹ የተዉለትን ጠርሙስ እያመጣ ወይን መቅመስን ያስተማረኝ። ያኔ እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩና ወይኑን ሁሉ እንደ ፈተና ወረቀት ከመቶ አርም ነበር። «ምስኪኑን ወይን ተማሪ አደረግኸው» እያለ ይስቅብኛል። ውዴ ባትጠጣም የጠርሙሱን ወረቀት በሞቀ ውሃ ነክራ ታነሳና ደብተሬ ላይ ትለጥፍልኝ ነበር። ድሮ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አምስት ስድስት ሰው እንሰበሰብ ነበር። አንዱ አዲስ አበባ ልጆቹ ዘንድ ገባ፣ አንዱ ሞተ፣ አንዱ በስኳር ምክንያት ተወ። የቀረነው እኔና አያ መዝሙር ነን። እሱም እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ማስመሰል ጀመርኩ። የእሱን ፊት እያየሁ፣ በድሮው ደብተሬ የጻፍኩትን እየደገምኩ፣ «እንጆሪ አለው፣ ትንሽ ጢስ አለው» እል ነበር። ነጥብም እሞላ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ በጥር መጀመሪያ ብርቄ መጣች። ብርቄ ተማሪዬ ነበረች፣ ዛሬ ፒያሳ ልብስ ስፌት ቤት አላት። ልጇን አዜብን ልትድር ነው። አለበል ከሚባል ነጋዴ ሱቅ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ የወንዱ ወገኖች አዋቂ ናቸው፣ እንዳላፍር። እርስዎ ሸጋ ነው ካሉኝ አርባ ጠርሙስ እወስዳለሁ» አለችኝ። አሁን አፍንጫዬ አይሠራም ማለት ምን ነበረበት? ቀዳሁ፣ ብርጭቆውን አዞርኩ፣ አሸተትኩ፣ ቀመስኩ። ምላሴን ኮምጠጥ አደረገው፤ ገና ያልቆየ ወይን ነው ብዬ ገመትኩ። «ሰባ ስምንት» አልኳት። እጄን ስማ ሄደች።

ሠርጉ ጥር አሥራ ስምንት ነበር። ድንኳኑ ሙሉ ነው፣ እኔና አያ መዝሙር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠናል። ወይኑ ተቀዳ፤ ምላሴ ላይ ያው ብርቄ ያስቀመሰችኝ ኮምጣጣ ነበር። ግማሹን እንደ ጠጣሁ አያ መዝሙር ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ሳይቀምስ መልሶ ሲያስቀምጥ አየሁት። ዞር ብሎ አየኝ፣ ብርጭቆዬንም አየ። ወዲያው ከወንዱ ወገን አንድ ሽማግሌ «ይህ ወይን ነው ወይስ የራሰ ጆንያ?» አሉ፤ ሌላው ሳቀ፤ ብርጭቆው ሁሉ ተራ በተራ ጠረጴዛው ላይ ተመለሰ። ሻግቷል፤ ከእኔ በቀር ያልሸተተው ሰው አልነበረም። ብርቄ ፊቷ ደም መስሎ በጠጅና በቢራ አስለወጠችው። ከዚያ ወደኔ መጥታ በጆሮዬ «ይብላኝ ለአለበል፣ ጋሼ! ያስቀመስዎት ሌላ፣ የጫነልኝ ሌላ» አለችኝ። እታለም፣ አይደለም አላልኳትም። ራሴንም ነቀነቅሁ መሰለኝ።

በሳምንቱ ውስጥ ወሬው ገበያውን ሞላው። አለበል አታላይ ተባለ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ ብርቄ እንደ ሰደበችው፣ እሱም በልጆቹ ምሎ እንዳልቀየረ፣ ማንም እንዳላመነው ሰማሁ። ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ስታልፍ ሰው ሲጠቋቆምባት በዓይኔ አየሁ። ሌሎች ተማሪዎቼ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «እርስዎን የመሰለ ሰው አሳሳተ!» እያሉ አዘኑልኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ልጅ እንዳይኮርጅ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጥር ሃያ ስድስት ብርቄ ስፌት ቤት ሄድኩ። ልብስ እየተኮሰች ነበር። «ብርቄ፣ አለበል አልቀየረም፤ ያስቀመስሽኝም ያው የሻገተው ነበር። ማሽተት ካቆምኩ ስድስት ወር አልፎኛል» አልኳት። ካውያውን አቆመች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ አላውቅም ማለት አያሳፍርም እያሉ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሱቋን ዘግታ አብረን አለበል ዘንድ ሄድን። እሷን ይቅር አላት። እኔን አልሰማኝም፤ ሰው ፊት ቆሜ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ብናገርም ጀርባውን ሰጥቶ ሚዛኑን ይወለውል ነበር። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ፊቱን ያዞርብኛል። አልፈርድበትም።

አያ መዝሙር ቤቴ ሲመጣ ለሱም ነገርኩት። አልደነገጠም። በኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ አንዱን ወይን በሁለት ብርጭቆ ቀድቶ ሰጥቶኝ ኖሯል፤ እኔ ለአንዱ ሰማንያ አራት፣ ለሌላው ስልሳ አንድ ሰጥቻለሁ። «ታዲያ ምነው ዝም አልህ?» ስለው «ብነግርህ እሑድ እንዳልመጣ ትከለክለኝ ነበር። እሑድ የት ልሂድ?» አለኝ። ለካ እሱም እንደኔ ነው።

ለሁለቱ ቤተሰብ ቅልቅል ብርቄ የሚቀዳ እንዳታጣ ከመደርደሪያዬ ሃያ ሁለት ጠርሙስ መረጥን፤ አያ መዝሙር የከፈተውን ሁሉ እያሸተተ፣ እኔ እየተሸከምኩ። ከነዚያ ውስጥ ለጡረታዬ ያስቀመጥኳቸውም ነበሩበት፤ አልቆጨኝም። የወንዱ ወገኖች ጠጥተው መረቁ ተባለ። እኔ አልሄድኩም።

በማግስቱ፣ የነነዌ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ያንቺን ጠርሙስ ከፈትን። አያ መዝሙር አሸተተ፣ እኔ ጻፍኩ። «መጀመሪያ የበሰለ ቀጋ ነው፤ ቆይቶ አዲስ የተለፋ ቆዳ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ዝናብ የነካው አፈር አለው» አለኝ። ዘጠና አንድ ሰጠው። እኔ ደግሞ የኔን በሐቅ ጻፍኩ፦ ምላስን ይይዛል፣ ይሞቃል፣ ቶሎ አይለቅም። ነጥብ አልሰጠሁም። የጥያቄሽ መልስ ይኸው ነው፣ እታለም፤ ስለዋሸሁሽ ይቅር በይኝ።

ሐኪሙ አፍንጫዬ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፣ ጠብቅ ብሎኛል። እጠብቃለሁ። አያ መዝሙር ከፋሲካ በኋላ ባሕር ዳር ልጁ ዘንድ ጠቅልሎ ሊገባ ነው፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ብቻውን መኖር አልቻለም። አትሂድ ማለት ነውር ነው፣ ስለዚህ ሸጋ ነው አልኩት። ዘንድሮ ወይን አትላኪልኝ። ከቻልሽ እሑድ በስድስት ሰዓት ደውይልኝ። ብዙ እንድናወራ አይደለም፤ እቃ እያጠብሽም ቢሆን መስመሩን ክፍት ተዪው።

ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ የአያ መዝሙር የእህት ልጅ ናት፤ ለትምህርት ወደዚያው እየመጣች ነው፣ ብርድ አታውቅምና ጋቢ አልብሻት። ሲኞራ ክላራን እግዚአብሔር ያጽናቸው በይልኝ። ሰብለ ወንጌልን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ፎቶግራፍሽን ከግድግዳው ላይ አላወረደውም በያት። ሪሃና ለእህትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ ብላለች። ብርቄም ትናንት በአጥር ላይ «እትዬ አባይነሽን ሰላም ይበሉልኝ» ብላ አልፋለች። አያ መዝሙር ቀጋው ያላንቺ አይገኝም ነበር ይልሻል። ከዚህ ከቤቴ ደግሞ ሰላም የሚልሽ እኔ ብቻ ነኝ።

ታናሽ ወንድምሽ አላምረው

ጎንደር፣ ፒያሳ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.