ሕይወት ተማሪዎቿን ልትሰናበት የሄደች ዕለት

ይድረስ ለልጄ ለሕሊና። የቁስቋሟ እመቤት በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ጉልበታቸው ተሽሏቸው ቅዳሴ መግባት ጀምረዋል። የማክሰኝት ጤፍ ዘንድሮ ሸጋ ነው።

እህትሽ ሕይወት ግን ዛሪማ አጠገብ ታስተምርበት ከነበረው ትምህርት ቤት ተቀንሳ ቤት ገብታለች። በጀት የለም ተብሎ አራቱም የኮንትራት መምህራን ተሰናበቱ። የእሷ ክፍል ከሌላው ጋር ተደርቦ መቶ አሥር ልጅ በአንድ መምህር እጅ ሆነ። ደብዳቤውን ሲሰጧት አላለቀሰችም አሉ፤ እኛም ዘንድ መጥታ አላለቀሰችም።

በሁለተኛው ሳምንት አያ ዳኛው የሚባሉ ገበሬ ቤታችንን አጠያይቀው መጡ። ልጃቸውን ታስተምርላቸው ነበር።

«ምነው ልጆቹን ጥለሽ ቀረሽ? ምን አስቀየምንሽ?» አሏት።

«አስወጥተውኝ ነው እንጂ እኔስ አልተውኳቸውም» አለች።

«ለልጆቹማ ማን ነገራቸው? የጠላሻቸው መስሏቸዋል» ቢሏት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

በማግስቱ አብራቸው ሄደች። ልጆቹን እንዳልጠላቻቸው ነግራ፣ አንድ በአንድ ስማ ተሰናብታቸው ተመለሰች። አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራለች። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ እሷ ግን ጨዋታ ቀንሳለች።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ስትደውዪላት ግን አደራ፣ ስለ ሥራ አታንሺባት። ስለ ተማሪዎቿ ጠይቂያት፤ የሁሉንም ስም ከነአባታቸው ትነግርሻለች።

እናትሽ ሽታዬ